በፎቶግራፍ የተፈረደበት ፊልም

ጥያቄ፦ «ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮኝ ፊልም የሚያይ የአጎቴ ልጅ አለኝ። እኔ በቴሌግራም ስለ ውጭ ፊልሞች በአማርኛ የምጽፍበት ቻናል ከፍቼ ብዙ ተከታዮች አፍርቻለሁ። በቅርቡ ገና ተሠርቶ ያላለቀ የአንድ ታዋቂ ጀግና ፊልም ሁለት የማስታወቂያ ፎቶግራፎች ወጡ። የዋናውን ተዋናይ ልብስና ፊት ባየሁ ጊዜ እጅግ ስላዘንኩ ‹ይህ ፊልም ከአሁኑ ሞቷል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ› ብዬ ጻፍኩ። የአጎቴ ልጅ ፊልሙን በጉጉት ይጠብቅ ስለነበር በሰው ሁሉ ፊት ‹ያላየኸውን ፊልም ትገመግማለህ እንዴ?› ብሎ ጻፈልኝ፤ እኔም በቁጣ መለስኩለት፤ ከዚያ ወዲህ አንነጋገርም። ፎቶግራፎቹን ያወጡት የፊልሙ ባለቤቶች ራሳቸው ናቸው። እንድንፈርድ ባይፈልጉ ለምን አወጧቸው? አሁን ደግሞ አንዳንድ ተከታዮቼ በቅርቡ የሚወጣ የአማርኛ ፊልም ፖስተር እየላኩ እንደዚያው እንድጽፍበት ይጠይቁኛል። ጥፋቱ የማን ነው? የጻፍኩትንስ ላጥፋው?»

ፊልም አፍቃሪው፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣

ከጥያቄዎችዎ ሁሉ ክብደት ያለው «እንድንፈርድ ባይፈልጉ ለምን አወጧቸው?» የሚለው ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ያቀረበ ወገን ሕዝቡ አይቶ አስተያየት እንዲሰጥበት ፈቅዷል። ልብሱ አላማረኝም፣ የተዋናዩ ፊት እኔ ከማውቀው ጀግና ጋር አልገጠመልኝም ማለት የማንኛውም ተመልካች መብት ነው። እርስዎ ግን በልብሱ ላይ አላቆሙም፤ ገና ባልተጠናቀቀና ማንም ተመልካች ባላየው ሙሉ ሥራ ላይ ፈረዱ፣ ሰዎችም ገንዘባቸውን እንዳያወጡ መከሩ። ያዩት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ የፈረዱት በሌላ ነገር ላይ ነው። የአጎትዎ ልጅ ቃሉ ቢሻክርም የነካው ይህንኑ ነው፤ በነገሩ ፍሬ ላይ እውነቱ ከእርሱ ጋር ይመስለኛል።

የደነገጡበትን ፊልም ስም እዚህ አላነሣም፤ ገና ስላልወጣ እኔም ስለ እርሱ የምለው ነገር የለኝም። ይልቅ ፎቶግራፉም ፊልሙም በእጃችን ያሉበትን የቅርብ ጊዜ ምሳሌ እንመልከት (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሜይ 2024 ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን የአዲሱን የሱፐርማን ፊልም የመጀመሪያ ፎቶግራፍ ለሕዝብ አሳየ። ተዋናዩ ዴቪድ ኮረንስዌት የጀግናውን ልብስ እንደለበሰ፣ ብርሃኑ በደበዘዘ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀይ ቦት ጫማውን ሲያጠልቅ ይታያል፤ ከኋላው ባለው መስኮት በኩል ደግሞ ከተማዋ በአንድ እንግዳ ነገር እየተጠቃች እንደሆነ የሚያሳብቅ ብርሃን አለ። ብዙዎች ወደዱት፤ ብዙዎችም እርስዎ እንዳደረጉት ወዲያው ፈረዱበት። ልብሱ ሰፍቶታል፣ ተጨማድዷል ተባለ፤ ጀግናው የደከመውና የተከዘ ይመስላል ተባለ፤ ከሁሉ ይልቅ ሰዎችን ያናደደው ግን ከተማዋ በአደጋ ላይ ሳለች እርሱ ተረጋግቶ ጫማ ማጥለቁ ነበር።

ፊልሙ በጁላይ 2025 ወጣ። እስካሁን ያላየው አንባቢ ካለ የዚህን አንቀጽ ቀሪ ክፍል ቢዘልል ይሻለዋል። ያ ክፍል የሱፐርማን ፍቅረኛ የሎይስ ሌን መኖሪያ ነው። ከውጭ ያለውን ፍጡር ሌሎች ጀግኖች እየተዋጉት ስለሆነ ከተማዋ ያለ ጠባቂ አልተተወችም፤ ሱፐርማንም ጫማውን የሚያጠልቀው ራሱን በፈቃዱ ለመንግሥት አሳልፎ ሊሰጥ ወስኖ ነው። በፎቶግራፉ ላይ ድካምና ግድየለሽነት ተብሎ የተነበበው ነገር በፊልሙ ውስጥ ከባድ ውሳኔ ላይ የደረሰ ሰው ትካዜ ሆኖ ተገኘ። ፎቶግራፉ አልተለወጠም፤ ሰዎቹም ያኔ ያዩት ያንኑ ትዕይንት ነበር። የጎደላቸው ከትዕይንቱ በፊት የሆነውና ከእርሱ በኋላ የሚሆነው ነገር ሲሆን፣ ፊልም የሚባለው ጥበብ ደግሞ የሚኖረው በዚህ በፊትና በኋላ መካከል ነው።

ይህ ፊልም በብዙ ሐያስያን ዘንድ በጎ አቀባበል አግኝቶ በዓለም ዙሪያ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ቁጥሩን ያነሣሁት ነቃፊዎቹ በገበያው ተረቱ ለማለት እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ እፈልጋለሁ። ፊልሙ ቢወድቅ ኖሮ እንኳ ያ ፎቶግራፍ የሚወድቅበትን ምክንያት ሊነግራቸው አይችልም ነበር፤ ምክንያቱ በድርሰቱ፣ በትወናው ወይም በቅንብሩ ውስጥ ይገኝ ነበርና።

የፊልምን ጥበብ የተማሩ ሰዎች ይህን ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ ያውቁታል። ሌቭ ኩሌሾቭ የተባለው የሩሲያ የፊልም መምህር የአንድን ተዋናይ ገጽታ ያለ ምንም ለውጥ ወስዶ አንድ ጊዜ ከሾርባ ሳህን፣ አንድ ጊዜ ከሬሳ ሣጥን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከሌላ ምስል ጋር አጣብቆ ለተመልካች እንዳሳየ ይነገራል። ተመልካቾቹም ከሾርባው ጋር ያዩት ጊዜ ረሃቡን፣ ከሣጥኑ ጋር ያዩት ጊዜ ሐዘኑን በፊቱ ላይ አነበቡ፤ ፊቱ ግን ያው አንድ ፊት ነበር። የማስታወቂያ ፎቶግራፍ ማለት ከጎኑ ምንም ያልተቀመጠለት ፊት ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳችን የራሳችንን ጉጉት ወይም የራሳችንን ሥጋት ከጎኑ እናስቀምጥና ያንን መልሰን ከፊቱ ላይ እናነባለን።

ፎቶግራፎቹ እንዴት እንደሚወጡም ማወቅ ይጠቅምዎታል፤ ስለ ፊልም የሚጽፍ ሰው ይህን ሊያውቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። በትልልቅ የቀረጻ ቦታዎች ላይ ሥራው ፎቶግራፍ ማንሣት ብቻ የሆነ ባለሙያ አለ። እርሱ የሚያነሣው ከፊልሙ ካሜራ ጎን ቆሞ፣ አንዳንዴም በልምምድ ሰዓት ስለሆነ፣ ለፊልሙ ካሜራ ተብሎ የተዘጋጀው ብርሃን ለእርሱ ካሜራ በሌላ አቅጣጫ ይወድቃል። ሌሎች የማስታወቂያ ምስሎች ጭራሽ ከቀረጻው ተለይተው፣ ተዋናዮቹ ልብሳቸውን ለብሰው በፎቶ ስቱዲዮ ውስጥ የሚነሡ ናቸው። ያኔ የፊልሙ ቀለም ገና አልተስተካከለም፤ የቀለም ሥራ የሚመጣው ቅንብሩ ካለቀ በኋላ ነው። በኮምፒውተር የሚሠሩት ምስሎችም ብዙውን ጊዜ የሚጠናቀቁት ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ነው። ስቱዲዮዎች አንዳንድ ፎቶግራፍ የሚያወጡት ደግሞ ስለ ተዘጋጁ ሳይሆን ቀረጻው በአደባባይ ሊጀመር ስለሆነና መንገደኛ በስልኩ አንሥቶ የሚያሠራጨው ምስል እንዳይቀድማቸው ስለሚሠጉ ነው።

ፖስተር ከዚህም የራቀ ነው። ፖስተሩን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዳይሬክተሩ ሳይሆን ስቱዲዮው የቀጠረው የማስታወቂያ ድርጅት ነው። የማን ስም እንደሚቀድምና የማን ፊት ጎልቶ እንደሚታይ በተዋናዮቹ ውል ውስጥ አስቀድሞ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። የሠርግ መጥሪያ ካርድ አይቶ ትዳሩ እንዴት እንደሚሆን የሚናገር ሰው ቢገጥመን ካርዱን ያሠሩት ሙሽሮቹ ላይሆኑ እንደሚችሉ እናስታውሰው ነበር። በ2011 የወጣው የኤክስ ሜን የጥንት ታሪክ ፊልም ከመታየቱ በፊት በፖስተሮቹ ምክንያት ክፉኛ ተነቅፎ ነበር፤ ሲወጣ ግን ከዚያ ተከታታይ ምርጥ ከሚባሉት መካከል የሚቆጥሩት ሐያስያን ብዙ ናቸው። ፖስተሮቹ ዛሬም ያው ደካማ ፖስተሮች ናቸው፤ ይህን መናገር ያኔም ትክክል ነበር፤ አሁንም ትክክል ነው።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ታሪክ ልለፍ። ክሪስቶፈር ኖላን በሚያዘጋጀው የባትማን ፊልም የባትማንን ጠላት ጆከርን ሂዝ ሌጀር እንደሚጫወት በጁላይ 2006 ሲነገር፣ የብዙ ባትማን አፍቃሪዎች ቁጣ ፎቶግራፍ እስኪወጣ እንኳ አልጠበቀም። ሌጀር በወጣቶች የፍቅር ፊልሞችና ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በወጣ የሁለት ከብት ጠባቂዎች ታሪክ የሚታወቅ መልከ መልካም ወጣት ስለነበር፣ ያን አስፈሪ ወንጀለኛ ሊሆን እንደማይችል ብዙዎች እርግጠኛ ሆነው ጻፉ። በሜይ 2007 ፊቱ የታየበት መንገድ የሚደንቅ ነው፦ በፊልሙ ውስጥ ያለ የአንድ ፖለቲከኛ የምርጫ ፖስተር በድረ ገጽ ላይ ወጣ፤ የኢሜይል አድራሻቸውን የሚያስገቡ ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ ምስሉ ነጥብ በነጥብ እየተነሣ ከሥሩ የጆከር ፊት ተገለጠ። የተዝረከረከ ነጭ ቀለም፣ በጥቁር የተከበቡ ዓይኖች፣ ከአፉ ጥግ እስከ ጉንጩ የዘለቀ ጠባሳ ነበር። ነጭ ቆዳና ንጹሕ ፈገግታ ያለውን የድሮውን ጆከር ለለመዱ ሰዎች ይህ ፊት እንግዳ ነበር።

ያ ምስል ሊያሳይ ያልቻለውን ነገር አሁን እናውቀዋለን። ድምፁን አላሳየም፤ አንዴ ከጉሮሮ ወርዶ አንዴ በቀጭኑ የሚወጣውን ያን የሚያስጨንቅ አነጋገር። ንግግሩን አቋርጦ ከንፈሩን በምላሱ የሚልስበትን ልማድ አላሳየም። በእስር ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ፊቱ ሳይለወጥ ቀስ ብሎ ሲያጨበጭብ አላሳየም። እነዚህ ሁሉ ጊዜ የሚፈልጉ፣ በቆመ ምስል ላይ ፈጽሞ የማይገኙ ነገሮች ናቸው። ሌጀር ፊልሙ ሳይወጣ በጃንዋሪ 2008 በ28 ዓመቱ ሞተ። «ዘ ዳርክ ናይት» የተባለው ፊልም በዚያው ዓመት በጁላይ ወጥቶ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በፌብሩዋሪ 2009 የምርጥ ረዳት ተዋናይ የኦስካር ሽልማት ሲሰጠው ሽልማቱን የተቀበሉለት ቤተሰቦቹ ነበሩ። በእርሱ ላይ አስቀድመው ከፈረዱ ሰዎች ብዙዎቹ ፊልሙን አይተው ቃላቸውን ሲያርሙ እርሱ ሊሰማቸው አልቻለም። ይህን የምነግርዎት ላስፈራዎት ብዬ አይደለም፤ ከፎቶግራፉ ጀርባ ለወራት ድምፁን፣ አካሄዱንና አተነፋፈሱን እያጠና የሚደክም ሰው እንዳለ እንዲያስቡበት ነው።

ነገሩ በሌጀርም አልተጀመረም። በ1988 ቲም በርተን ለባትማን ፊልሙ ማይክል ኪተንን ሲመርጥ፣ በአስቂኝ ፊልሞች የሚታወቅ ሰው እንዴት ተመረጠ በማለት ወደ 50,000 የሚጠጉ የተቃውሞ ደብዳቤዎች ለስቱዲዮው እንደደረሱ በስፋት ተዘግቧል፤ ፊልሙ በ1989 ወጥቶ ከዓመቱ ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ሆነ። በኦክቶበር 2005 ዳንኤል ክሬግ አዲሱ ጄምስ ቦንድ ተብሎ በለንደን በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲመጣ፣ ከመስጠም የሚያድነውን ሰደርያ አጥብቆ ለብሶ የተነሣው ፎቶግራፍ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ የማይፈራው ሰላይ ሰደርያ ለበሰ ተብሎ ተነቀፈ፣ ጠጉሩም ወርቃማ ነው ተብሎ ፊልሙን ላለማየት ዘመቻ ተከፈተ። ሰደርያው የጀልባ ጉዞ ደንብ እንጂ የፊልሙ ክፍል እንዳልነበረ ለማሰብ ጥቂት መታገሥ በቂ ነበር። ክሬግ እስከ 2021 ድረስ በአምስት ፊልሞች ጄምስ ቦንድን ተጫውቷል።

እርግጥ ነው፣ እርስዎ ሊከራከሩኝ የሚችሉበት ጠንካራ ምሳሌ አለ፤ ሳላነሣው ባልፍ ፍትሐዊ አልሆንም። በዲሴምበር 2018 ከቪዲዮ ጨዋታ የተወሰደው የሶኒክ ፊልም የመጀመሪያ ፖስተሮች ሲወጡ የሰማያዊው ጃርት ሙሉ ፊት ገና አልታየም ነበር፤ የሰውነቱን ቅርጽ ብቻ ያዩ የጨዋታው ወዳጆች ግን እግሮቹ የሰው እግር መምሰላቸውን አይተው ሠጉ። በኤፕሪል 2019 መጨረሻ ትሬይለሩ፣ ማለትም አጭሩ የማስታወቂያ ቪዲዮ፣ ሲወጣ ሥጋታቸው እውነት ሆነ፦ ጥርሶቹ የሰው ጥርስ፣ ዓይኖቹም ትንንሽና የተራራቁ ነበሩ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅሬታውን እንደሰሙና ቅርጹን እንደሚለውጡ በይፋ አስታወቀ፤ ፊልሙ ይወጣበት ከነበረው ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ተላለፈ። ተስተካክሎ የወጣው ሶኒክ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ተከተሉት።

እንግዲህ ተመልካቾች አስቀድመው ባይናገሩ ኖሮ ያ ፊልም ይበላሽ ነበር ማለት ይቻላል፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ነገር ግን ከትችቱ ውስጥ ፍሬ ያፈራው የትኛው እንደሆነ ልብ ይበሉልኝ። ፍሬ ያፈራው ጥርሱን፣ ዓይኑንና እግሩን እየጠቀሰ፣ በጨዋታው ውስጥ ካለው ሥዕል ጋር እያነጻጸረ የተናገረው ትችት ነው። ሠዓሊ ሊያርመው የሚችለው እንዲህ ያለውን ነው። «ፊልሙ ሞቷል» የሚል ዐረፍተ ነገር ለማንም የሚያርመው ነገር አይሰጥም። ደግሞም የሶኒክ ትችት የቀረበው ስለ ጃርቱ መልክ ስለነበር መልኩ ሲለወጥ ትችቱም በክብር አበቃ፤ ተቺዎቹ ለማስተባበል የሚገደዱበት ነገር አልነበረም።

አስቀድሞ የተጠረጠረ ፊልም በእርግጥም መጥፎ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። በጁላይ 2019 የ«ካትስ» ትሬይለር ሲወጣ ተዋናዮቹ በኮምፒውተር የተሠራ የድመት ጠጉር ለብሰው መታየታቸው ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ፊልሙ በዲሴምበር ሲወጣም የምስሉ ሥራ ገና ስላላለቀ፣ ከወጣ በኋላ የተሻሻለ ቅጂ ወደ ሲኒማ ቤቶች እስከ መላክ ተደርሷል፤ በገበያም ወደቀ። ያኔ የጠረጠሩት ልክ ነበሩ። ዳሩ ግን ምስል በሁለቱም ወገን እንደሚያታልል በ2016 የወጣው «ሱሳይድ ስኳድ» ያሳያል፦ በ2015 የወጣው፣ በሌላ ተዋናይ የተጫወተው የጆከር ፎቶግራፍ በግንባሩ ላይ ባለው ንቅሳት ምክንያት ተጠላ፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ትሬይለሮች እጅግ ተወደዱ፤ ፊልሙ ሲታይ ደግሞ አብዛኞቹ ሐያስያን ነቀፉት፤ በዓመቱም የሜካፕና የጠጉር ሥራ ኦስካር አገኘ። ፎቶግራፉን አይቶ የሜካፑን ሽልማት፣ ወይም ትሬይለሩን አይቶ የፊልሙን መነቀፍ ሊተነብይ የቻለ ሰው ይኖራል ብዬ አላስብም። መጥፎ ምስል አይተው የሚቆጡ ተከታዮችዎ ውብ ምስል አይተው ገና ባልታየ ፊልም ላይ ምስጋና ቢያዘንቡ ስሕተቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ማንም የማይወቅሳቸው መሆኑ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ስለ ራስዎ እሠጋለሁ። በደብዳቤዎ ላይ «እጅግ ስላዘንኩ» ብለው ጽፈዋል፤ ያዘኑት ጀግናውን ስለሚወዱት ነው። ከልጅነትዎ ጀምሮ በሐሳብዎ የሣሉት መልክ አለ፤ ፎቶግራፉ ከዚያ መልክ ጋር ስላልገጠመ አዘኑ። ይህ ስሜት የሚያሳፍር አይደለም፤ ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ስሜት ነው። ነገር ግን ስሜቱን ወዲያው የአደባባይ ፍርድ አድርገው በብዙ ሰው ፊት ሲያስቀምጡት ራስዎን አስረዋል። ፊልሙ ሲወጣ ሊያዩት የሚገቡት እንደ ተመልካች አይሆንም፤ ቃሉ እንዲጸናለት እንደሚፈልግ ሰው ይሆናል። እያንዳንዱ የደከመ ትዕይንት ደስ ያሰኝዎታል፤ እያንዳንዱ መልካም ትዕይንት ያሳፍርዎታል። አንድን ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ማየት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ያንን አንድ ጊዜ በሁለት ፎቶግራፍ ምክንያት ለክርክር አሳልፎ መስጠት ትልቅ ኪሳራ ነው። በእርስዎ ቃል ተመርተው ፊልሙን ሊተዉ የወሰኑ ተከታዮችም የራሳቸውን ዓይን ሳይጠቀሙ ፈርደዋል።

የአማርኛውን ፊልም ፖስተር በተመለከተ ምክሬ ከዚህ የጠበቀ ነው፤ እባክዎ አያድርጉት። ትልቁ የአሜሪካ ስቱዲዮ የእርስዎን ጽሑፍ ሳያይ ያልፋል፤ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለማስታወቂያ የሚያወጣ ተቋም ነውና። የአገር ውስጥ ፊልም ሠሪ ግን ያለው ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ያ ፖስተርና አጭር ትሬይለር ነው። ገንዘቡን ከወዳጅ ዘመድ አሰባስቦ የሠራው ፊልም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተመልካች ካጣ ከሲኒማ ቤት ይወርዳል፤ ከወረደ በኋላ «ለካስ ጥሩ ነበር» ቢባል ወንበሩን መልሶ የሚሞላለት የለም። የታወቁ ተዋናዮች ፊት ተደርድሮበት፣ ከሌሎች ፖስተሮች ጋር ተመሳስሎ የተሠራ ፖስተር እኔንም ያስከፋኛል፤ ሆኖም ያ ዓይነቱ ፖስተር ተመልካች በታወቀ ፊት ይሳባል በሚል ስሌት የሚሠራ ስለሆነ በውስጡ ስላለው ድርሰት የሚናገረው ጥቂት ነው። ስለ ፖስተር አሠራራችን መጻፍ ከፈለጉ በአንድ ፊልም ላይ ሳይሆን በጠቅላላው ይጻፉ፤ የፊደል አጣጣሉን፣ የፎቶ ቅንብሩን፣ ለምን ሁሉም እንደሚመሳሰሉ፤ ይህ ለሠሪዎቹም የሚጠቅም ጽሑፍ ይሆናል። ስለ ፊልሙ ግን ትኬት ቆርጠው ገብተው፣ እስከ መጨረሻው አይተው ይጻፉ።

የጻፉትን አያጥፉት። ብዙ ሰው አንብቦታል፤ ቢያጠፉት የአጎትዎ ልጅ የመለሰው ቃል ያለ ምክንያት የተነገረ ይመስላል፤ እርስዎም ሐሳብዎን የደበቁ ይመስላሉ። ይልቅ ከሥሩ በግልጽ ይጻፉ፦ ያየሁት ሁለት ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ልብሱ በዚህና በዚህ ምክንያት አላስደሰተኝም፤ ስለ ፊልሙ የጻፍኩት ግን ከማውቀው በላይ ስለነበር ቃሌን መልሼ ወስጃለሁ፤ አይቼው እመለሳለሁ። ልብሱ ያላስደሰተዎትን ምክንያት ዘርዝረው ቢጽፉት፣ ቀለሙ ነው ወይስ አሰፋፉ፣ ከየትኛው የድሮ ሥዕል ጋር እንዳልተስማማ ቢያስረዱ ተከታዮችዎ ከፊተኛው ጽሑፍ የበለጠ ይማሩበታል። ወደፊትም የመጀመሪያ ምስል ሲወጣ ማን እንዳወጣው፣ ከቀረጻ የተወሰደ ይሁን ለማስታወቂያ ተለይቶ የተነሣ፣ ፊልሙ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ አስቀድመው ቢነግሯቸው መልካም ነው፤ በአማርኛ እንዲህ አድርጎ የሚጽፍ ሰው እጅግ ያስፈልገናል፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ይህን ማድረግ የሚችሉ ሰው እንደሆኑ ተሰምቶኛል።

ስለ አጎትዎ ልጅ የምመክርዎ በቻናሉ ላይ እንዳይመልሱለት ነው። እርሱም በሰው ፊት ከመጻፉ በፊት ለብቻዎ ሊነግርዎት ይገባ ነበር፤ በዚህ ጥፋት አለበት። ቢሆንም በቁጣ የመለሱት እርስዎ ስለሆኑ ቀድሞ መደወሉ የእርስዎ ነው፤ በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ ይሁን፤ ቢቻል ሄደው ያግኙት። እርቁን ፊልሙ እስኪወጣ አያቆዩት። ምናልባት «ፊልሙ መጥፎ ከሆነ እኔ ልክ እሆናለሁ፤ ያኔ እንነጋገራለን» የሚል ሐሳብ በልብዎ ይኖር ይሆናል። ፊልሙ መጥፎ ሆኖ ቢወጣም በዚያን ቀን ያላዩትን ነገር አይተውት ነበር ማለት አይደለም፤ መልካም ሆኖ ቢወጣም የአጎትዎ ልጅ አስቀድሞ አውቆት ነበር ማለት አይደለም። ስለዚህ ፊልሙ በሁለታችሁ መካከል ዳኛ ሊሆን አይችልም። ታርቃችሁ ከቆያችሁ በኋላ ግን እንደ ልማዳችሁ አብራችሁ ገብታችሁ እዩት፤ ከዚያም እርሱ ፈቃደኛ ከሆነ የእርሱን ግምገማ ከእርስዎ ግምገማ ጎን በቻናሉ ላይ ያውጡለት፤ ባትስማሙም ሁለቱም ሳይቆረጡ ይውጡ።